የኮራል ገንዳና የሚስማማው መብራት

ወደ ቤት የሚገባ ነገር ሁሉ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ለሰው ጥቅም ወይም ለጌጥ ብቻ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ግን ራሱ ሕይወት ያለው፥ ምግቡንና ደኅንነቱን ከባለቤቱ እጅ የሚጠብቅ ፍጥረት ነው። ምንጣፍ ወይም ወንበር ያለ ምክር የገዛ ሰው የሚጎዳው ገንዘቡን ብቻ ነው፤ ሕይወት ያለውን ፍጥረት ያለ ምክር ያስገባ ሰው ግን ከገንዘቡ ጋራ የፍጥረቱን ነፍስ ያጠፋል። እኛም በዛሬው ዓምዳችን የምንናገረው ከሁለተኛው ወገን ስለ ሆነው ስለ ኮራል፥ ይልቁንም ኮራልን በቤት ውስጥ ለማኖር ስለሚያስፈልገው መብራት ነው።

ኮራል በሙቅ አገር ባሕር ውስጥ አንዳንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ፥ አንዳንዱ እንደ እንጉዳይ፥ አንዳንዱም እንደ አበባ ሆኖ ይታያል። ያየው ሁሉ ድንጋይ ነው ወይም ተክል ነው ይለዋል፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። በቀይ ባሕር ዳር በጅዳና በኤላት የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ውበቱን በተፈጥሮ ቦታው ሊያዩት ይችላሉ። ከባሕር ርቀው የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ደግሞ በመስተዋት ገንዳ የጨው ውሃ ሞልተው፥ ውሃውን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አሙቀው፥ ከትንንሽ ዓሦች ጋራ በሳሎናቸው ያኖሩታል። ለዚህ ገንዳ ከሚገዛው ዕቃ መካከል ዋጋው የሚከብደውም፥ ስሕተት የሚበዛበትም መብራቱ ነው።

የስሕተቱም ምክንያት ይህ ነው። ሰው መብራት ሲገዛ ለራሱ ዓይን ይገዛል፤ ለኮራል ግን ብርሃን ምግብ ነው። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ያለ ማጉሊያ መሣሪያ የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነዚህም እንደ ዛፍ ቅጠል ብርሃንን ተቀብለው ስኳርና ሌላም ምግብ ይሠራሉ፤ ከሠሩትም እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን ለአሳዳሪያቸው ለኮራሉ ይሰጣሉ፤ ኮራሉም በፈንታው መጠለያ ይሆናቸዋል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1928 እና በ1929 ሞሪስ ዮንግ የመሩት የእንግሊዝ ሊቃውንት ጓድ በአውስትራልያ በሎው ደሴቶች ተቀምጦ ምርምር ሲያደርግ፥ ብርሃን በማይገባበት ሣጥን የተዘጉት ኮራሎች አልጌዎቻቸውን አጡ። እንግዲህ መብራት የሚመርጥ ሰው የኮራሉን ዕለታዊ ቀለብ እንደሚመርጥ ይወቅ።

«ነገሩ ብርሃን ከሆነ ፀሐይ አትበቃምን» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በኢንዶኔዝያ በጃካርታ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ሊ ቺን ኤንግ የባሕር ዓሦችንና ኮራሎችን በተፈጥሮ ብርሃን እንደምን እንዳኖሩ በ1961 በታተመ ጽሑፍ ገልጠዋል። ነገር ግን ጃካርታ ለምድር ወገብ የቀረበች ከተማ ናት፤ የቀኑም ርዝመት ዓመቱን ሁሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። በስቶክሆልም ወይም በቶሮንቶ ለሚኖር ቤተ ሰብ የክረምት ፀሐይ አትበቃም፤ በሙቅ አገርም ቢሆን በመስኮት በቀጥታ የምትገባው ፀሐይ ትንሹን ገንዳ አለ መጠን ታሞቀዋለች። ስለዚህ አብዛኛው ሰው በኤሌክትሪክ መብራት ሊጠቀም ግድ ይሆንበታል። ሲመርጥም ሦስት ነገር ይመርምር፤ ይኸውም የብርሃኑን ቀለም፥ የብርሃኑን መጠንና የመብራቱን ወጪ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ቀለሙ። የፀሐይ ብርሃን ወደ ባሕር ሲገባ ቀዩ ክፍል በጥቂት ሜትር ጥልቀት ተውጦ ይቀራል፤ ሰማያዊው ግን ወደ ጥልቁ ይወርዳል። የኮራሉም አልጌዎች በዚህ በሰማያዊው ብርሃን እጅግ ይጠቀማሉ። ለሳሎን የምንገዛው ቢጫ መብራት ቀለሙ 3,000 ኬልቪን ያህል ሲሆን፥ ለኮራል የሚሠሩት መብራቶች ግን ብዙውን ጊዜ ከ10,000 እስከ 20,000 ኬልቪን የሚደርስ፥ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ብርሃን ይሰጣሉ። ስለዚህ የተራው አምፑል ብርሃን ለዓይናችን ደማቅ ቢመስልም ለኮራሉ ጥሩ ቀለብ አይደለም። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። በሰማያዊ ብርሃን ብቻ ሲታዩ ብዙ ኮራሎች ከራሳቸው የሚወጣ የሚመስል አረንጓዴና ብርቱካንማ ቀለም ያበራሉ። በሱቅ ውስጥ ይህን አይቶ የገዛ ሰው፥ በቤቱ ነጣ ባለ ብርሃን ሲያየው የተታለለ ይመስለዋል። ስለዚህ ሻጩ ነጩንም መብራት አብርቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ስለ መጠኑ። ለኮራል የሚጠቅመው ብርሃን ፓር በሚባል መለኪያ ይለካል፤ ቁጥሩም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በሴኮንድ የሚያርፈውን ብርሃን በማይክሮሞል ይናገራል። ገንዳ ጠባቂዎች በልምዳቸው ለስላሳ ለሆኑት ኮራሎች ከ50 እስከ 150፥ ሥጋቸው ወፈር ላለው ድንጋያማ ኮራሎች ከ100 እስከ 200፥ እንደ ቅርንጫፍ ለሚያድጉት ለአክሮፖራ ወገኖች ደግሞ ከ200 እስከ 350 ይሰጣሉ። በመብራቱ ሣጥን ላይ የተጻፈው ዋት የሚናገረው የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ ለኮራሉ የሚደርሰውን ብርሃን አይደለም። ብርሃኑ መብራቱ በተሰቀለበት ከፍታና በውሃው ጥልቀት ይቀንሳልና፥ የሚለካው ኮራሉ በሚቀመጥበት በዚያው ስፍራ ነው። መለኪያው ውድ ስለ ሆነ፥ በጎረቤት ወይም በማኅበር ተባብሮ መግዛት ወይም መከራየት ከግምት ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ስለ ወጪው። ሦስት ዓይነት መብራት በሥራ ላይ ውሏል። ሜታል ሃላይድ የሚባለው ብርቱ ብርሃን ይሰጣል፤ ነገር ግን ውሃውን ያሞቃል፥ ኤሌክትሪክም ያበዛል። ፍሎረሰንት የሚባለው ረጅም ቱቦ ብርሃኑን አስተካክሎ ያዳርሳል፤ ሆኖም ኃይሉ ቀስ በቀስ ስለሚደክም፥ ለዓይን ደኅና ቢመስልም በየዓመቱ ገደማ ይለወጣል። ኤል ኢ ዲ የሚባለው ሦስተኛው ዛሬ በብዙ ቤት የሚታየው ነው። አካሳኪ፥ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሦስት ሊቃውንት በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሰማያዊውን ኤል ኢ ዲ ስለ ፈለሰፉ ነው፤ ኮራልም የሚሻው ቀለም ይኸው ሰማያዊ ነው። ጉድለቱ፥ ብርሃኑ ከጥቂት ነጥብ ስለሚወጣ በቅርንጫፎቹ ሥር ጥላ መጣሉ ነው። ወጪውን በምሳሌ እናስላ። 400 ዋት የሚወስድ ሜታል ሃላይድ በቀን 9 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 108 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ለዚያው ገንዳ 150 ዋት የሚወስድ ኤል ኢ ዲ የሚበቃ ቢሆን ግን በወሩ የሚበላው 40.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የቤቱን ገንዘብ የሚይዙ ሰዎች ይህን ቁጥር በከተማቸው የኤሌክትሪክ ዋጋ ያባዙት፤ ሲገዙ ርካሽ የነበረው መብራት በዓመቱ መጨረሻ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያስፈራው ነገር እንመጣለን። ብዙ ሰው «ብርሃን ምግብ ከሆነ ባበዛው ይወፍራል» ብሎ አዲሱን መብራት በሙሉ ኃይሉ ያበራል። ይህ የተራበን ሰው በአንድ ጊዜ አለ መጠን እንደ ማጉረስ ነው። አልጌዎቹ ከሚችሉት በላይ ብርሃን ሲያገኙ ኮራሉን የሚጎዳ ነገር ያመነጫሉ፤ ኮራሉም ከሥጋው ያስወጣቸዋል፥ እርሱም ይነጣል፤ የነጣ ኮራል ቶሎ ካልታገዘ በረኀብ ይሞታል። በባሕርም ሙቀት ከብርቱ ፀሐይ ጋራ ሲተባበር የሚያደርሰው ጥፋት ይህንኑ ይመስላል፤ በሚያዝያ 2024 በኤውሮፓ አቆጣጠር የዓለም ኮራሎች ለአራተኛ ጊዜ በብዙ ባሕሮች እየነጡ መሆናቸው ተገልጦ ነበር። ባሕሩን ማብረድ ከአንድ ቤተ ሰብ አቅም በላይ ነው፤ የቤት መብራትን ማለዘብ ግን የአንድ ጣት ሥራ ነው።

ስለዚህ አዲስ መብራት ከግማሹ ኃይል ሳያልፍ ይጀመር፥ በየሳምንቱም ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ በአንድ ወይም በሁለት ወር ውስጥ ወደሚፈለገው መጠን ይድረስ። አዲስ ኮራልም በመጀመሪያ ከገንዳው ሥር ይቀመጥ፥ በኋላም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይውጣ። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ብርሃን በቀን ይበቃል። ሌሊቱም ጨለማ ይሁን፤ ብዙ ኮራሎች እጆቻቸውን ዘርግተው በውሃ የሚንሳፈፈውን ጥቃቅን ምግብ የሚይዙት በጨለማ ነውና። መብራቱን በሰዓት የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ ቢገዛ የሰውን መርሳት ያድናል። ኮራሉ ከገረጣና ከተኰማተረ ብርሃኑ በዝቶበት ይሆናል፤ ከጠቈረና ወደ ላይ ከተንጠራራ አንሶት ይሆናል። ልጆች ይህን ምልክት በየሳምንቱ እየተመለከቱ በደብተር ቢጽፉት፥ ለገንዳው ጥበቃ ለእነርሱም ትምህርት ይሆናል።

የጨው ውሃና ኤሌክትሪክ የማይታረቁ ጠላቶች ስለ ሆኑ ስለ ደኅንነትም እናሳስባለን። መብራቱ እንዳይወድቅ በብርቱ ይሰቀል። ሽቦው ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ በኋላ ወደ ሶኬቱ ይውጣ፤ ጠብታ ቢወርድበት ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። ኤሌክትሪክ ሲያፈስስ በቅጽበት የሚያቋርጥ መሣሪያም በባለሙያ እጅ ይተከል። እጅን ወደ ውሃው ከማስገባት በፊት መብራቱን ከሶኬት መንቀል ለትልቅም ለትንሽም ሕግ ይሁን።

በመጨረሻ የምንመክረው ቅደም ተከተሉን ነው። አስቀድሞ ማንን እንደምታኖሩ ቍረጡ፤ ከዚያ መብራቱን ምረጡ። ለጀማሪ ቤት ጥቂት ብርሃን የሚበቃቸው ለስላሳ ኮራሎች ይስማማሉ፤ አክሮፖራ ግን ልምድ ካገኛችሁ በኋላ የሚጋበዝ እንግዳ ነው። በኤላት ኮራልን ከባሕር መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው፤ የድንጋያማ ኮራሎችም ንግድ ከአገር ወደ አገር ሳይቲስ በሚባለው ውል ፈቃድ ይጠየቅበታል። ስለዚህ በገንዳ ተራብቶ ያደገውን ትንሽ ቍራጭ መግዛት ለሕሊናም ለባሕርም ይሻላል። የኮራል መብራት መልካምነቱ የሚታወቀው ሳሎኑን በማድመቁ ሳይሆን፥ ከዓመት በኋላ ያ ትንሽ ቍራጭ አድጎ በመገኘቱ ነው።