የሕግ አፍ ወይስ የንጉሥ አፍ?

ዳኝነት ከማን ይመነጫል? ለማንስ ይቆማል? ይህ ጥያቄ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በኤረር በር ዙሪያ በእድርና በአፎቻ የተሰባሰበው ነዋሪ፣ በጉልበቱ የሚያድረው ሠራተኛ ሁሉ በጥሞና ሊመረምረው የሚገባ ዐቢይ ጉዳይ ነው።

የደጃዝማች ታከለ ወልደ ሐዋርያት ሕይወት ለዚህ ሕያው ምስክር ነው። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲያመሩ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ከፋሺስት ወራሪ ጋርም በዱር በገደል ተፋለሙ። ከነጻነት በኋላ ደጋግመው ታሰሩ፤ ተመልሰውም ተሾሙ። አፈ ንጉሥ፣ ማለትም የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኛ፣ እስከ መሆንም ደረሱ።

መዓረጉ ራሱ ብዙ ይናገራል። ዳኛው የሕግ አፍ ሳይሆን የንጉሥ አፍ ነበር። ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በላይ የዙፋን ችሎት ተዘርግቶ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይገሠሥ መሆኑን ደነገገ። እንግዲህ በንጉሡ ላይ አቤቱታ ያለው ሰው፣ ዳኛም ቢሆን፣ ወዴት ይክሰስ? ደጃዝማች ታከለ የአድማን መንገድ ያዙ። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ሊይዟቸው ከመጡ ፖሊሶች ጋር በተነሣ ተኩስ ሕይወታቸው አለፈ። የሕግ በር በተዘጋበት ሥርዓት ከፍተኛው ዳኛ እንኳ ፍርድን ከጠመንጃ ፈለገ።

በእንግሊዝ አገር ኤድዋርድ ኩክ የተባለ ዳኛ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1607፣ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ራሱ ችሎት ተቀምጦ ሊፈርድ እንደማይችል ተከራከረ። በ1616 ተሻረ። ሆኖም ምክር ቤት ገብቶ በ1628 የመብት አቤቱታ የተባለውን ሰነድ ከቀረጹት አንዱ ሆነ። ኩክ የድሆች ጠበቃ ነበር ማለት አይደለም፤ ራሱ የሰፊ ርስት ባለቤት ነበር። ቁም ነገሩ፣ የተሻረው ዳኛ የሚናገርበት ሌላ መድረክ ማግኘቱ ነው። ልዩነቱ በሰዎቹ ድፍረት ሳይሆን በሥርዓቱ አወቃቀር ላይ ነው።

ትምህርቱ ከየሰፈራችን ይጀምራል። የእድራችን ዳኛ ሲያረፍድ እንደ ማንኛውም አባል መቀጫውን ይከፍላልን? የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሒሳቡን ሲጠየቅ ያቀርባልን? ቅር የተሰኘ አባል ሳይፈራ የሚናገርበት ስብሰባ አለውን? መልሱ «የለም» ከሆነ፣ መዓረጉ ቢሻርም አፈ ንጉሡ ከመካከላችን አልወጣም። በኤረር በር ሹሙም ተሸካሚውም በአንድ መተላለፊያ ያልፋሉ፤ የሕግም በር እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል።