ጀልባው ይምጣ፤ ብርሌው ግን የካፋ ይሁን

ወደ ካፋ የሚመጣ እንግዳ መንገዱ የታወቀ ነው። ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙን ያያል፤ ባርታ ፏፏቴ ሥር ቆሞ በርጭቱ ይረጥባል፤ ጉልበት ያለው ደግሞ ማንኪራ ጫካ ድረስ ዘልቆ የዱር ቡና ከነፍሬው ይዳስሳል። ከዚያ በኋላ «ውሃ ላይ የሚያውል ነገር የላችሁም ወይ?» ይላል። በተለይ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችን ይህን ጥያቄ አይረሱትም። እዚያ ለቤተሰብ ብቻ ጀልባ ተከራይተው ወንዝ ላይ እንደዋሉ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ወርደው እንደዋኙ፣ ማምሻውን ከወንዙ ዳር ካለ እርሻ የአገሬውን ወይን እንደቀመሱ ያወሩናል። ይህን ሁሉ ጫካና ውሃ እያዩ እኛ ዘንድ ለምን እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ አይገባቸውም።

እኔ ሺሺንዳ ተወልጄ ያደግሁ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። አባቴ ቀፎ ሰቃይ፣ እናቴ ጠጅ ጣይ ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው ሲነሳ ጆሮዬን አቀናለሁ። መልሴም አዎን፣ ካፋ የጀልባ ጉዞ፣ የዋናና የቅምሻ መዝናኛ ያስፈልጋታል የሚል ነው። ግን ጀልባው ላይ የሚቀዳው የካፋ ጠጅ፣ የሚቀዳውም በባለማሩና በጠጅ ጣይዋ እጅ መሆን አለበት። ያለዚያ ወንዛችንን ለሌላ ሰው ትርፍ አከራይተን እኛ ዳር ቆመን ማየት ነው የሚተርፈን።

ውሃው አለን። ካፋን ከጅማ የሚለየው ጎጀብ ከዚህ ደን ከሚነሱ ገባሮች ብዙ ውሃ ተቀብሎ ወደ ኦሞ ይወርዳል። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቆ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የኦሞን ሸለቆ ወደ 150 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሐይቅ አድርጎታል። በዚያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ዳውሮ ውስጥ፣ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ሐላላ ኬላ ዛሬ የእንግዳ መዳረሻ ሆኗል። ሥራው አኩርቶኛል። ዳውሮና ካፋ ኅዳር 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ያሉ ጎረቤታሞች ናቸው። ነገር ግን ያንን ሐይቅ ከሚሞላው ውሃ ውስጥ የካፋ ደን ያጠራቀመው ዝናብ አለበት። ደኑን የጠበቀው ገበሬ ከውሃው ላይ ከሚገኘው ገቢ ምን ይደርሰዋል? እስካሁን እምብዛም አይደርሰውም።

ጀልባም ለምዕራቡ አገራችን እንግዳ አይደለም። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ቦታ ተፈቅዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እስከ ጋምቤላ እየመጡ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ጥቂት አሜሪካውያን ወጣቶች በጅማ መንገድ ካለው የጊቤ ድልድይ ተነሥተው ኦሞን በጎማ ጀልባ ወረዱ። ዛሬ በዓለም የታወቀ አንድ የጀብዱ ጉዞ ድርጅት የተወለደው ከዚያ ጉዞ ነው። ታዲያ የመጀመሪያው ጉዞ ቡናችንን ወሰደ፤ ሁለተኛው ዝናችንን ወሰደ። በሁለቱም ጊዜ በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ተመልካች ነበር። ሦስተኛው እንዲህ እንዳይሆን ነው የምጽፈው።

ጀልባና ወይን የተጣመሩበትን ጉዞ በቅጡ ለመረዳት የፖርቱጋልን ዶውሮ ወንዝ ማየት ይጠቅማል። ቀድሞ ጠፍጣፋ ባለሸራ ጀልባዎች በርሜል እየጫኑ ያንን አስፈሪ ፈረሰኛ ውሃ ይወርዱ ነበር። በኋላ ግድቦች ተሠርተው ወንዙ ረጋ፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ እስከ ስፔን ድንበር ድረስ መርከብ የሚሄድበት ሆነ። ያኔ እንግዳው መጣ። ሲመጣ የሚቀርብለት ወይን ግን ከዚያው ተዳፋት የተለቀመ ነው፤ የወይኑ ክልል እ.ኤ.አ. በ1756 በሕግ ተከልሎ፣ ስሙን ሌላ ማንም እንዳይነግድበት ተጠብቆ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩኔስኮ መልክዓ ምድሩን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ወይኑ የተፈጠረው እንግዳ ወንዙን ስለጎበኘ አይደለም። ወይኑ በስሙና በባለቤቱ ጸንቶ ስለቆየ ነው ጀልባው ለአካባቢው ሰው እንጀራ የሆነው።

እኛም የራሳችን አለን። ከባቱ የሚመጣውን የካስቴል ወይን ወይም የአዋሽን ጠርሙስ ጎጀብ ላይ መክፈት የሚከለክል ነገር የለም፤ የአገራችን ምርት ነው፣ ይጠጣ። ግን ለዚያ ሲል ማን ካፋ ድረስ ይመጣል? ካፋ የደን ማር አገር ናት። አባቴ ከግንድ የተቦረቦረውን ቀፎ በሐረግ ጎትቶ፣ ቀና ብለው ጫፉን ማየት የሚያዳግት ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሰቅል ነበር። ማር ሲደርስ በሌሊት ጭስ ይዞ ይወጣል፤ እኛ ከሥር ሆነን የችቦው ብርሃን ሲንቀሳቀስ እያየን ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። የጌተም አበባ ሲያብብ የሚቆረጠው ማር ነጭ ነው። የቡና አበባ፣ የብሳናና የግራዋ ማር ደግሞ እያንዳንዱ በቀለምም በጣዕምም ይለያል። እናቴ ከየትኛው ማር ምን ዓይነት ጠጅ እንደሚወጣ፣ የትኛው ጌሾ እንደሚበዛበት፣ የትኛው ጋን ውስጥ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ታውቅ ነበር። በዓለም ላይ ሰው በወይን ቅምሻ ስም ከፍሎ የሚማረው እንዲህ ያለውን እውቀት ነው።

ነገር ግን ይህ ማር ከሺሺንዳ የሚወጣው እንዴት ነው? አብዛኛው ከነሰፈፉ ተጠቅጥቆ ለነጋዴ ይሸጣል። ነጋዴው ወደ ጅማና አዲስ አበባ ይጭነዋል፤ እዚያ ጠጅ ይሆንና በብርሌ ይቸረቸራል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት የመጀመሪያዋ ናት፤ ከምርቷም የሚበዛው የሚውለው ለጠጅ ነው። ጠጁ ላይ የሚጨመረው ዋጋ ግን ዛፍ ላይ የወጣው ሰው ጋ አይደርስም። በካፋ የደን ንብ ውጤቶች ዩኒየን በኩል ማርን አጣርቶ ለመሸጥ የተደረገው ጥረት ትልቅ ነው፤ መቀጠልም አለበት። ከዚያ የሚቀጥለው እርምጃ እንግዳው ራሱ ወደ ማሩ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ጀልባ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

በዓይነ ሕሊናዬ የማየው ቀን እንዲህ ያለ ነው። ወቅቱ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ውሃው የጠራበትና ጎርፍ የሌለበት ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ወይም የጓደኞች ቡድን ጠዋት ሞተር በሌላት ጀልባ ይነሣል፤ የሞተር ጩኸት ጉሬዛውንም ወፉንም ስለሚያሸሽ ቀዛፊ ይቀዝፋል። ለዋና በተፈተሸና በተከለለ ቦታ ይወርዳሉ። ከውሃው ወጥተው ልብስ ከቀየሩ በኋላ ከደኑ ዳር ጠጅ ጣይዋ ትጠብቃቸዋለች። ሦስት አራት ዓይነት ጠጅ በትንሽ በትንሹ ታቀርባለች፤ ከየትኛው አበባ፣ ከየትኛው ጋን እንደሆነ ትናገራለች። ለማይጠጣውና ለልጆች ብርዝ አለ። ቀፎ ሰቃዩም አጠገቧ ሆኖ ቀፎውን ያሳያል። ከዚያ በላይ የተራቀቀ ነገር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ልቤ ውስጥ ያለውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በካፋ ማንጆ ተብለው የሚጠሩ ወገኖቻችን ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ፣ በአንድ ዋንጫ መጠጣት ይከለከሉ ነበር። ልጅ ሆኜ ምግብ በኮባ ቅጠል ተደርጎ ደጅ ሲቀርብላቸው አይቻለሁ፤ ልማዱ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በካፋ ነገሥታት ዘመን የአገሩን ኬላ ይጠብቁ የነበሩት ግን እነሱ ናቸው፤ የጫካውንም መንገድ ከእነሱ አብልጦ የሚያውቅ የለም። ለጀልባው መሪ፣ ለዋናው ጠባቂ፣ ለቅምሻው አስተናጋጅ ሲፈለግ መጀመሪያ መጠራት ያለባቸው እነሱ ናቸው። እንግዳውም አገሬውም ማንጆውም በአንድ ዓይነት ብርሌ ከአንድ ገበታ ይቅመሱ። ይህን የማያሟላ መዝናኛ ካፋ ውስጥ ፈቃድ ማግኘት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

የደህንነትም ነገር አለ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው በዓለም ላይ ሰጥሞ ይሞታል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሞተው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እነዚያ ኦሞን የወረዱት አሜሪካውያን በኋላ ባሮን ሲሞክሩ ወንዙ አንድ ባልደረባቸውን ወስዶባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ዋናተኞች ነበሩ። ስለዚህ የሕይወት አድን ጃኬት ያልለበሰ ሰው ጀልባ ላይ አይውጣ። ወደ ቆላው ሲወረድ ጉማሬና አዞ ያለበት የወንዙ ክፍል ለዋና ይዘጋ። ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያ ስለሚያስተላልፍ የዋናው ቦታ በየጊዜው በጤና ባለሙያ ይመርመር። ዋናው ይቅደም፣ ጠጁ ይከተል፤ ጠጅ የቀመሰ ሰው ወደ ውሃ አይመለስ። ዕድሜው 21 ዓመት ያልሞላው አልኮል እንዳይሸጥለት አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይከለክላል፤ ጫካ ውስጥ ነን ተብሎ ሕጉ አይዘንጋ። የወንዝ ዳር ልጆቻችንም የዋና ትምህርት ያግኙ። እንግዳ የሚዋኝበት ወንዝ የአገሬውን ልጅ የሚያሰጥም ሆኖ መቀጠል የለበትም።

«ደኑስ?» የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው እውነት ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ክልል ከ760,000 ሄክታር በላይ ነው፤ ማንም የማይነካው ማዕከላዊ ቀጠና፣ በጥንቃቄ የሚጠቀሙበት መከለያ ቀጠና፣ ሰው የሚኖርበትና የሚያለማው የልማት ቀጠና ተብሎ ተለይቷል። ጀልባው፣ መታጠቢያውና የቅምሻው ዳስ ከማዕከላዊው ቀጠና ውጭ ይሁኑ፤ የጀልባው ቁጥርም ይገደብ። ማር የሚገኘው ከቆመ ዛፍ ስለሆነ፣ ጠጁ በተፈለገ ቁጥር ዛፉን የሚቆርጥ ሰው ያንሳል። ደኑን በዘብ ብቻ ከመጠበቅ ይህ ይሻላል።

«አቅም ያለው ባለሀብት ይምጣና ይሥራው» የሚሉም አሉ። ባለሀብት ይምጣ፤ ግን አገሬው ባለድርሻ ይሁን። በላስታ ተራሮች «ተስፋ» በተባለው የእግር ጉዞ ገበሬዎች ራሳቸው ማረፊያውን ሠርተው፣ እንግዳ ተቀብለው፣ ገቢውን ተካፍለዋል። ወንጪ ሐይቅ ላይ የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ፈረስና ጀልባ አከራይተዋል፤ ወንጪም በ2014 ዓ.ም. በዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ጫሞ ሐይቅ ላይ «የአዞ ገበያ» የሚባለውን ማየት የሚፈልግ ሰው ጀልባ የሚከራየው ከአርባ ምንጭ ባለጀልባዎች ነው። ይህን የሠሩት ኢትዮጵያውያን ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው፤ የካፋ ቀፎ ሰቃይ የማይችልበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ለክልሉና ለካፋ ዞን ባህልና ቱሪዝም ኃላፊዎች ጥያቄዬን በግልጽ አቀርባለሁ። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የጎጀብን ውሃ፣ ፍጥነቱን፣ ጥልቀቱንና ጤንነቱን አጥንቶ ለጀልባና ለዋና የሚሆነውን ቦታ ለይቶ ያውጣ። የጀልባ ፈቃድ የሚሰጠው ጠጅ ጣይ ሴቶች፣ ቀፎ ሰቃዮችና የማንጆ ወጣቶች በባለቤትነት ለገቡበት ማኅበር ብቻ ይሁን፤ ባለሀብት ካለ ከእነሱ ጋር በሽርክና ይግባ። የካፋ ጠጅ ከሌላ ቦታ ማር ተጥሎ በካፋ ስም እንዳይሸጥ ስሙ በሕግ ይጠበቅ። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ሺሺንዳም ማሯ የሚጣራባት፣ ጠጇ የሚጣልባት፣ እንግዳው ወደ ወንዙ ከመውረዱ በፊት አንድ ሌሊት የሚያድርባት ከተማ ትሁን። እነዚህ ነገሮች መጀመሪያ ይጻፉ፤ ፈቃዱ ከዚያ በኋላ ይፈረም።