ኮንትራክተር ናችሁ ተባልን

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይኼን ስም ግን ጠበቃ ነው ያወጣው። ዘንድሮ ከእኛ እኩዮች መካከል ቦስተን ወይ በርሊን ወይ ቶሮንቶ ላለ መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚሠራ ወጣት ጥቂት አይደለም። አንዱ ኮድ ይጽፋል፣ አንዷ የፊልም ጽሑፍ ትተረጉማለች፣ ሌላው የደንበኛ ስልክ ይመልሳል። ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣነው ደግሞ የሰው ድምፅ እየሰማን ወደ ጽሑፍ እንገለብጣለን። የሁላችንም ውል ላይ ያለው ማዕረግ አንድ ነው፤ ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር። በአማርኛ ተቋራጭ ማለት ነው። ይኼን ለእናቶቻችን ስንነግራቸው ሲሚንቶና ፌሮ ስለሚታያቸው «ታዲያ ቤቱ የታለ?» ይሉናል።

ሥራውን አንጠላውም፤ ይኼ ይታወቅልን። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። በብር ደመወዝ የሚኖር ጓደኛችን ኪራይ ሲጨመርበት የሚሆነውን እያየን በዶላር የሚከፈልን ሰው «ተው» የምንልበት ድፍረት የለንም። ጠባችን ከስሙ ጋር ነው። ስሙ በሰው ኑሮ ላይ የሚሠራውን ስለምናይ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አይመለከትም። ትክክል ነው። አምስት ደንበኛ ያለው፣ ዋጋውን ራሱ የሚቆርጥ፣ ሲፈልግ «አልችልም» የሚል የሎጎ ሠሪ የራሱ ጌታ ነውና የማንም ሠራተኛ አይደለም። እኛ የምናውቃቸው «ኮንትራክተሮች» ግን እንዲህ አይደሉም። ደንበኛቸው አንድ ነው። ሲገቡና ሲወጡ ይመዘገባሉ። ለለቅሶ ፈቃድ ይጠይቃሉ። በየ15 ደቂቃው ስክሪናቸውን ፎቶ የሚያነሳ ሶፍትዌር ኮምፒውተራቸው ላይ ተጭኗል። ሌላ ቦታ እንዳይሠሩም በውሉ ተከልክለዋል። ታዲያ ነጻነቱ የቱ ጋ ነው? ነጻ የሆነውስ ማነው? እንደኛ እንደኛ አሠሪው ነው።

ሰዓቱን እንኳ እዩት። ሳንፍራንሲስኮ ከእኛ በክረምታቸው 11፣ በበጋቸው 10 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እነሱ ቡናቸውን ይዘው ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ስብሰባ ሲጠሩ እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው። ከምሳ በኋላ «ትንሽ እንነጋገር» ብለው 2 ሰዓት ላይ ሲደውሉ ደግሞ እዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። (የኢትዮጵያን ሰዓት ለፈረንጅ ለማስረዳት የባከነው ጊዜ ራሱ ቢከፈልበት ሀብታም በሆንን።) አዋጁ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 12 ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው ክፍያ በአንድ ነጥብ ሰባ አምስት ተባዝቶ ይከፈል ይላል። ይኼ ለሠራተኛ ነው። ለተቋራጭ ሌሊትም ቀን ነው።

አሁን ወደ ሰኔ 2012 እንመለስ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ሰኔ 23 ቀን በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ። ከመካከላችን አንዷ ያኔ ለአንድ የውጭ ድርጅት ሁለት ዓመት ያለማቋረጥ ሠርታ ነበር። መስመሩ ሲለቀቅ ኢሜይሏን ከፈተችው። ሦስት መልእክት ነበር። የመጀመሪያው «ደህና ነሽ ወይ?» ይላል፣ ሁለተኛው «ሥራው ዘግይቷል» ይላል፣ ሦስተኛው ሌላ ሰው እንደተገኘና ስለ እስካሁኑ አገልግሎቷ እንደሚያመሰግኗት ይነግራታል። በአዋጁ ቢሆን ከአንድ ዓመት በላይ የሠራች ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባት ነበር። በውሏ ግን «በማንኛውም ጊዜ፣ ያለ ምክንያት» ነው የሚለው። ውሉ አልተጣሰም፤ እንዲያውም ቃል በቃል ተፈጸመ። ኢንተርኔቱን የዘጋው ሰውዬው አይደለም፣ እሷም አይደለችም፤ ኪሳራው ግን ሙሉ በሙሉ የወደቀው እሷ ላይ ነው። ከዚያም ወዲህ ትግራይ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ፣ አማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ አንስቶ ለወራት ተዘግተው ሲቆዩ እዚያ ሆነው እንዲህ ያለ ሥራ የነበራቸው ልጆች ምን እንደዋጣቸው የጠየቀ አለ? መንግሥት በሐምሌ 2016 «5 ሚሊዮን ኮደሮች» ብሎ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር ሥልጠና ጀምሯል። ጥሩ ነው፣ እንማራለን። ተምረን ለማን፣ በምን ውል፣ በየትኛው ኢንተርኔት እንደምንሠራ ግን ማንም አልነገረንም።

ናይሮቢን ደግሞ ተመልከቱ። ሜታ የፌስቡክን አስከፊ ጽሑፍና ምስል ያጣሩለት የነበሩት ሳማ የሚባል ድርጅት እዚያ የቀጠራቸው ወጣቶች ነበሩ፤ የአማርኛውን፣ የኦሮምኛውን፣ የትግርኛውን የሚያዩት የእኛው ልጆች ናቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. ከሥራ ሲሰናበቱ 184 ሆነው ከሰሱ። የሜታ መልስ «እኔ አሠሪያቸው አይደለሁም፤ ኬንያም ውስጥ የለሁም» የሚል ነበር። የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ላይ ክሱ እዚያው ሊታይ ይችላል አለ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች ከሳማ ጋር የሥራ ውል ነበራቸው፣ ቢሮ ነበራቸው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይተዋወቁ ነበር። መቶ ምናምን ሆኖ ለመክሰስ መጀመሪያ መተዋወቅ ያስፈልጋል። እኛ በየቤታችን ማዕድ ቤት ተቀምጠን ባልደረባችንን በፎቶ ብቻ የምናውቅ ነን።

«እንዲህ ከጠየቃችሁ ሥራው ወደ ፊሊፒንስ ይሄዳል» የሚለንን እናውቀዋለን። ሊሄድ ይችላል። ግን ሒሳቡን እንይ። ባዕድ አገር ሠራተኛን በሕግ የሚቀጥሩበት መንገድ አለ፤ እዚህ የተመዘገበ ድርጅት በደመወዝ መዝገቡ ላይ ያስገባሃል፣ ግብርና ጡረታ ይከፍልልሃል፣ ወጪውን ከነአገልግሎት ክፍያው ከውጭው ኩባንያ ይቀበላል። የአሠሪው የጡረታ ድርሻ 11 በመቶ ነው። በወር 800 ዶላር ለምታገኝ ልጅ 88 ዶላር ማለት ነው። የዓመት ፈቃዷ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ለተመሳሳይ ሥራ እዚያው አገሩ የሚከፍለውን የሚያውቅ ኩባንያ ለዚህ ጥሎን የሚሄድ ከሆነ፣ ቀድሞም የፈለገው ችሎታችንን ሳይሆን ዝምታችንን ነው።

የሚያናድደን ግን ፈረንጁ አይደለም። ፈረንጁ አያውቅም፤ ስንነግረው አንዳንዴ ይደነግጣል። የሚያናድደን ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ አሌክሳንድሪያ ሆኖ «የሀገሬን ልጅ ላሳድግ ብዬ ነው» የሚለው ወንድማችን ነው። ስልክ ሲደውል «እህቴ» ይላል፣ ክፍያ ሲደርስ «እህቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ» ይላል። እሱ ራሱ እዚያ የሰዓት ክፍያው በአንድ ቀን ቢዘገይ የት ሄዶ እንደሚከስ ጠንቅቆ ያውቃል። ዘመድነቱ ደመወዝ ሲደራደሩ ይመጣል፣ ውል ሲጻፍ ይጠፋል። የወሊድ ፈቃድ የጠየቀችውን ልጅ «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ» ብሏታል። አዋጁ ለሠራተኛ 120 ቀን ነው የሚሰጠው፤ ቤተሰብ ስንት እንደሚሰጥ አልተጻፈም።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ቢያንስ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ፣ ክፍያ ያለው እረፍት፣ የክፍያ ቀን፣ ደግሞም መስመር ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን። ባለፈው አንዷ ጓደኛችን «በአገር አቀፍ ደረጃ ኢንተርኔት ቢዘጋ እስከ ሁለት ሳምንት ክፍያዬ አይቋረጥም» የምትል አንዲት መስመር ጽፋ እየፈራች ላከችላቸው። ሁለት ቀን ዝም አሉ። እሷም ሁለት ቀን አልተኛችም። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው፣ ይኼን ማሰብ እንዳለባቸው ማንም ነግሯቸው እንደማያውቅ ጽፎ ፈርሞ መለሰላት፤ መስመሯ እንዳለች ናት።