የአንድ ሺህ ብር ሐዘን

በላሊበላና በላስታ ገጠር ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ ሬሳው ሲወጣ የሚሰማው ቃል ያው ነው፦ «ቀኑ ደርሶ ነው።» መርፌው ተሳስቶ ይሁን፣ ወላዷ ደም እየፈሰሳት ሌሊቱን ሙሉ የሚያያት ጠፍቶ ይሁን፣ ጠያቂ የለም። አስከሬኑ በዚያው ቀን ይቀበራል፤ ማስረጃውም አብሮት አፈር ይገባል።

ቀኑ ደርሶ የሞተ አለ፤ በቸልተኝነት የሞተም አለ። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ነው። የጠፋውም እሱ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ሸብቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ቁጥር 2651 ሆስፒታል የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ለሚያጠፉት ጥፋት ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል። አጥፊዋ ነርስ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነችና ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ፣ በቁጥር 2126 ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543ም ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሲገድል ቅጣቱን ያከብዳል።

ታዲያ ምን ጎደለ?

አንደኛ፣ ጊዜው። ቁጥር 2143 ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሳ የሚጠይቅበትን ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ አድርጎታል። ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላ ጦርነት መጣ። በጋሸና በኩል ወልድያ ዞን ፍርድ ቤት መድረስ በራሱ ሕይወትን ማስያዝ ሆነ። የሁለት ዓመቱ ቆጠራ ግን ስለ ጦርነት አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ማስረጃው። ካርዱ ያለው በተከሳሹ ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ነው። ለረጅም ዓመታት የአስከሬን ምርመራ ሲታዘዝ ሬሳ የሚላከው አዲስ አበባ፣ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። የቢልባላ ገበሬ ይህን በምን አቅሙ ይችለዋል? በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2017 በፌደራሉ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ውሳኔ ያገኙ 125 አቤቱታዎች ተጠንተው ነበር። ጥፋት የተገኘው ከአራቱ በአንዱ ገደማ ነው። ሰባት ዓመት፣ 125 አቤቱታ፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ!

ሦስተኛ፣ ካሳው። ቁጥር 2116 የኅሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። በ1952 ይህ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ላስታ ገበያ ላይ በግ አይገዛም። እናቱን ያጣ ልጅ ሐዘን በሕግ የተተመነው ከበግ በታች ነው ማለት ነው።

«ነርሶቹስ ምን ያድርጉ? ሆስፒታሉ መድኃኒት የለው፣ ደመወዙ አይበቃ፤ ብንከሳቸው ጥለውን ይሄዳሉ» የሚሉ አሉ። ስለ ነርሶቹ ያሉት እውነት ነው፤ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ራሳቸው አደባባይ ያወጡት ብሶት ነው። ግን ይህ መልስ የሚያስጠይቀው መንግሥትን ነው እንጂ ተጎጂውን ዝም አያሰኝም። ብቻዋን ሌሊቱን ለብዙ በሽተኛ የተመደበች ነርስ ስትሳሳት፣ የመደባትም አጥፍቷል። ለዚህም ነው ሕጉ ተቋሙንና መንግሥትን ተጠያቂ ያደረገው። ዛሬ የሚሠራበት ግን ተገላቢጦሹ ነው፦ ወይ ሁሉም ይሸፋፈናል፣ ወይ አንዲት ጀማሪ ነርስ ብቻዋን ትታሰርና አለቆቿ እጃቸውን ይታጠባሉ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ1,000 ብሩን ጣሪያ ያንሳ። መንገድና ችሎት በጦርነት የተዘጉበት ጊዜ ከሁለቱ ዓመት አይቆጠር። የክልሉ ጤና ቢሮ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት በደረሰ ቁጥር የካርዱ ቅጂ ለቤተሰብ እንዲሰጥ ይዘዝ።

እስከዚያው ቤተሰብ የካርዱን ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ አቤቱታውን በጽሑፍ አስገብቶ ቀኑን ያስመዝግብ። ጥፋቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከሁለት ዓመት ከረዘመ፣ የካሳ ክሱም በረዘመው ጊዜ ይቀርባል። የዳኝነት መክፈያ ያጣ በድሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። ሽማግሌ ቢገባ መልካም ነው፤ ግን ማስረጃው ከተያዘ በኋላ ይሁን። ፊርማም አይቸኮልበት።

ይህ አገር «በሕግ አምላክ!» ሲባል የተነሳ ዱላ የሚወርድበት አገር ነበር። ያ ቃል ሆስፒታል በር ላይ ሲደርስ ለምን ይረሳል?