«አያቴ ጣሊያን ነበር» የሚለውን ዲኤንኤ ያረጋግጠዋል?

ከዳባት ተነስቶ በደባርቅ በኩል ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ መንገደኛ የጣሊያንን እጅ ሥራ ሳያይ አያልፍም፤ ጥምዝምዙን መንገድ የጠረጉት እነሱ ናቸው። ከደባርቅ አለፍ ብሎ ወልቀፊት ላይ የመሸገው ጦራቸው በአርበኞችና በእንግሊዞች ተከቦ ቆይቶ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም ነበር። ወታደር ለዓመታት በሰፈረበት አገር ልጅ መወለዱ አይቀርም፤ ተወልዷልም።

ዛሬ የልጅ ልጆቹ፣ በተለይ ውጭ አገር ያሉት፣ ምራቃቸውን ለምርመራ ኩባንያ ልከው አያታቸውን መፈለግ ይዘዋል። ወደ ላቦራቶሪ የገፋቸው የመዝገብ እጦት ነው። መዝገቡን ያሳጣቸው ደግሞ የጦርነት ግርግር ብቻ አይደለም። የፋሺስቱ መንግሥት በሚያዝያ 1929 ዓ.ም ባወጣው ድንጋጌ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ወሰነ። የግንቦት 1932ቱ ሕግ ጭራሽ አባት ክልስ ልጁን እንዳይቀበልና የቤተሰብ ስሙን እንዳይሰጠው ከለከለ። ልጁ የእናቱ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ከሰፈር ስድብ ጋር።

ውጤቱ ሲመጣ ብዙዎች የሚሳሳቱት በመቶኛው ነው። ከአፍሪካ ውጭ የመነጨ የዘር ድርሻ ያዩ ወዳጆቼ «ይኸው ጣሊያኑ!» ብለውኛል። ነገር ግን ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ በሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይህ ድርሻ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። መቀላቀሉም የተፈጸመው ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ያኔ ሙሶሊኒ የት ነበር? ደግሞስ በጣሊያን ጦር ውስጥ የነበረው ሁሉ መቼ ጣሊያናዊ ሆነ? የኤርትራ አስካሪስም ነበረበት።

ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ ጣሊያን አገር ካለ፣ እሱም ከተመረመረ ዘመድ ጋር መግጠም። ልጅ ከአባቱ ግማሹን ይወስዳል፤ የልጅ ልጅ ከአያቱ ሩቡን ያህል፤ ቀጥሎ ያለው 12.5 በመቶ ገደማ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም መሐል ላይ ሴት ከገባች ይቋረጣል። ስለዚህ መመርመር ያለበት ቶሮንቶ ያለው ወጣት ሳይሆን፣ በሕይወት ካሉና ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ደባርቅ የተቀመጡት አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸው ግን ከ80 አልፏል።

ሕጉም ጠቧል። ጣሊያን በመጋቢት 2017 ዓ.ም ባወጣችው፣ በኋላም ፓርላማዋ ባጸደቀው ድንጋጌ፣ በትውልድ የሚገኘውን ዜግነት በጥቅሉ ወላጁ ወይም አያቱ ጣሊያናዊ ለሆነ ሰው ወስናዋለች። ያም ቢሆን አባትነቱ በሕግ መረጋገጥ አለበት፤ ከኩባንያ በኢሜይል የመጣ ውጤት ብቻውን ለዚህ አይበቃም።