«ሥራ አጥ» ወይስ «ሥራ ፈት»? በከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ላይ ያለን አመለካከትና ውጤቱ

በአማርኛ መተዳደሪያ ሥራ የሌለውን ሰው በሁለት ስሞች እንጠራዋለን። «ሥራ አጥ» ስንል ሥራ ፈልጎ ያላገኘውን ሰው ማለታችን ነው። «ሥራ ፈት» ስንል ግን፣ ባል ትዳሩን እንደሚፈታ ሁሉ፣ ሥራን በገዛ ፈቃዱ የተወ ሰው እንዳለ እንናገራለን። የመጀመሪያው ስም በስታቲስቲክስ ሰነዶችና በፖሊሲ ጽሑፎች ይገኛል፤ ሁለተኛው በሰፈር፣ በታክሲና በቡና ዙሪያ ይነገራል። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሆኖ ሥራ ያላገኘ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ «የተማረ ሥራ አጥ» ተብሎ ይታዘንለታል። ፊደል ያልቆጠረው የዕድሜ እኩያው ግን በዚያው መንደር፣ በዚያው የሥራ ገበያ ውስጥ እየኖረ «ሥራ ፈት» ወይም «ቦዘኔ» ይባላል። የሁለቱም ችግር አንድ ሆኖ ሳለ ስማቸው የተለያየው ጠሪው አስቀድሞ ፍርድ ስለ ሰጠ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍርድ የት ድረስ እንደሚዘልቅ ማሳየት ነው። በብዙ አገሮች ሕዝብ በመንግሥት ድጋፍ ስለሚኖሩ ሥራ አጦች ያለው አመለካከት ወደ ተግባር የሚለወጠው በምርጫ፣ በፓርላማና በበጀት በኩል ዞሮ ነው። በእኛ አገር ከተሞች ግን መንገዱ እጅግ አጭር ነው። የድጋፉ ተጠቃሚ የሚመረጠው የአካባቢው ነዋሪዎች በሚሳተፉበት ሂደት በመሆኑ፣ የጎረቤት አመለካከት ራሱ የመምረጫ መሣሪያ ይሆናል። ስለዚህ «ሥራ ፈት» የሚለው ቃል የሐሜት ቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አንድ ቤተሰብ በዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን ወይም መቅረቱን ሊወስን ይችላል።

ድጋፉ ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ የሥራ አጥነት መድን የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የስንብት ክፍያ የሚመለከተው በቅጥር ላይ የነበረን ሠራተኛ ነው፤ የጡረታ ዐዋጆቹም ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል አበል አላስቀመጡም። ይህ በሆነበት አገር፣ በ2010 ዓ.ም በተደረገው የከተሞች የሥራ ስምሪት ጥናት መሠረት የከተማ ሥራ አጥነት መጠን 19.1 በመቶ ነበር። ሥራ መሥራት ከሚችለውና ከሚፈልገው አምስት የከተማ ሰው አንዱ ገደማ ያለ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ክፍተት መንግሥት የሰጠው ዋና ምላሽ በ2009 ዓ.ም የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በገጠር ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ሲሠራበት የቆየውን ሐሳብ ወደ ከተማ ያመጣው ይህ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ አዲስ አበባን ጨምሮ 11 ከተሞችንና 604,000 ተጠቃሚዎችን ለመሸፈን የታቀደ ነበር። ወጪው 450 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን 300 ሚሊዮኑ በዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑ በመንግሥት የሚሸፈን ነበር። ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶ የሚሆኑት ገንዘቡን የሚያገኙት በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርተው ነበር፤ መንገድ ይጠርጉ፣ ደረቅ ቆሻሻ ይሰበስቡ፣ ቦይ ይከፍቱ፣ ችግኝ ይተክሉ ነበር። ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙት 16 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በአብዛኛው በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት ወይም በሕመም ምክንያት መሥራት የማይችሉ ነበሩ።

እንግዲህ ብዙ ጊዜ «ቁጭ ብሎ የሚበላ» የሚባለው ሰው በአብዛኛው ማለዳ መጥረጊያ ይዛ አስፋልት ዳር የምናያት ሴት ናት። በፕሮግራሙ ጅማሬ የቀን ክፍያው 60 ብር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ የቤተሰብ አባል የሚታሰበው የሥራ ቀን በወር 5፣ በዓመት 60 ሲሆን፣ በአንድ ቤተሰብ የሚታሰቡት አባላት ከአራት አይበልጡም። ስለዚህ ለአንድ አባል የሚደርሰው በወር 300 ብር ነበር። ከዚህም 20 በመቶው በግዴታ ይቆጠብ ነበርና በእጅ የሚገባው 240 ብር ነበር። የሥራ ቀናቱ ብዛትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ስሌት ላይ ተመሥርቶ አንድ ሰው ሥራን ሊተው ይችላል ብሎ የሚከራከር ሰው የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ቢያስታውስ መልካም ነው።

ጎረቤት እንደ ዳኛ

የተጠቃሚዎች ምርጫ በሦስት ደረጃ ይካሄዳል ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ ድህነት የበረታባቸው አካባቢዎች ይለያሉ። ቀጥሎ የአካባቢው ኮሚቴ ደሃ የሆኑትን ቤተሰቦች ይለያል። በመጨረሻም የቤተሰቡን የኑሮ ሁኔታ በሚያመለክቱ መጠይቆች ውጤቱ ይረጋገጣል። መካከለኛው እርከን መልካም ምክንያት አለው፤ የጎረቤትን ገመና ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ጎረቤት የሚያውቀው ድህነትን ብቻ አይደለም። ማን እንደሚጠጣ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ነባር ማን መጤ እንደሆነ፣ ማን ለእድሩ ሳይከፍል እንደቀረ ጭምር ያውቃል።

የኔዘርላንዱ ሶሲዮሎጂስት ዊም ቫን ኦርስኮት እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጥናት ሕዝብ «ድጋፍ የሚገባው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልስባቸውን አምስት መመዘኛዎች ለይቷል። እነርሱም ሰውየው ለችግሩ ራሱ ተጠያቂ መሆን አለመሆኑ፣ የችግሩ ክብደት፣ ለእኛ ያለው ቅርበት፣ አመስጋኝነቱና ትሕትናው፣ እንዲሁም ለተሰጠው ነገር መልሶ መስጠቱ ናቸው። ይኸው ተመራማሪ በኋላ በአውሮፓ አገሮች ላይ ባደረገው ንጽጽር፣ ሕዝቡ በቅድሚያ ለአረጋውያን፣ ቀጥሎ ለሕሙማንና ለአካል ጉዳተኞች፣ ከዚያ ለሥራ አጦች፣ በመጨረሻም ለስደተኞች እንደሚያስብ አሳይቷል። ከአምስቱ መመዘኛዎች ፕሮግራሙ በይፋ የሚጠይቀው አንዱን፣ ማለትም የችግሩን ክብደት ነው። የቀሩት አራቱ በመመሪያው ባይጻፉም ከኮሚቴው አባላት ጋር ወደ ስብሰባው ይገባሉ። ትሑት ሆና «እግዜር ይስጥልኝ» የምትል መበለትና ተቆጥቶ መብቱን የሚጠይቅ ወጣት በድህነት እኩል ቢሆኑ እንኳ በጎረቤት ዐይን እኩል ላይታዩ ይችላሉ።

የሕዝብ አመለካከት ከእውነታው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የብሪታንያ ምሳሌ ያሳየናል። የአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ይፋ ባደረገው የአስተያየት ጥናት፣ መላሾች ከማኅበራዊ ድጋፍ በጀቱ በአማካይ 41 በመቶው ለሥራ አጦች እንደሚውል ገምተው ነበር፤ ትክክለኛው 3 በመቶ ነበር። ከድጋፉ 27 በመቶው በማጭበርበር እንደሚወሰድ ገምተዋል፤ የመንግሥት አኃዝ ግን 0.7 በመቶ ነበር። በጀቱ በየዓመቱ ታትሞ በሚወጣበት አገር ግምት ከእውነት ይህን ያህል ከራቀ፣ ብዙ ነገር በወሬ በሚታወቅበት ሰፈር ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

«ጠባቂነት» የሚለው ቃል ጉዞ

ይህ ጥርጣሬ በሰፈር ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ከሕግና ከፖሊሲ ጋር አብሮ አድጓል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ፖሊሲ መሥራት የሚችል ሰው እርዳታን በሥራ እንዲያገኝ ሲወስን አንዱ ዓላማው «ጠባቂነትን» ማስወገድ ነበር። በ1996 ዓ.ም አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 384/1996 ደግሞ፣ በሌሎች ድርጊቶች ላይ ተጨምሮ፣ ለሥራ ብቁ ሆኖ የሚታወቅ መተዳደሪያ አለመኖርን የወንጀሉ መነሻ አደረገው። በማግሥቱ ዓመት የገጠር ሴፍቲኔት ተጀመረ። መተዳደሪያ ማጣት በአንዱ ሰነድ የጥርጣሬ፣ በሌላው የድጋፍ ምክንያት ሆነ። ሁለቱ አመለካከቶች ዛሬም በአንድ የኮሚቴ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይገኛሉ።

ማስረጃው ግን ወደ አንድ ወገን ያደላል። ፒተር ሊትል እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው በደቡብ ወሎ ላይ ያተኮረ ጥናት፣ የምግብ እርዳታው በመጠኑ አነስተኛና በጊዜው የማይታመን በመሆኑ ገበሬዎች ኑሯቸውን በእርሱ ላይ እንደማይመሠርቱ አሳይቷል። አቢጂት ባነርጂና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 በስድስት አገሮች የተካሄዱ ሰባት የገንዘብ ድጋፍ ሙከራዎችን እንደገና መርምረው ድጋፉ ሰዎችን ከሥራ እንደሚያርቅ የሚያሳይ ወጥ ማስረጃ አላገኙም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ሳይመን ፍራንክሊን፣ ክሌማን ኢምበር፣ ግሩም አበበና ካሮሊና መሂያ ማንቲያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያሳተሙት የአዲስ አበባ ጥናት ነው። ፕሮግራሙ በወረዳዎች የተስፋፋው በዕጣ በመሆኑ ውጤቱን በጥንቃቄ ለመለካት ተችሏል። ተጠቃሚዎቹ ለግሉ ዘርፍ የሚያቀርቡት ጉልበት በእርግጥ ቀንሷል። ተጠራጣሪው ዐረፍተ ነገሩን እዚህ ላይ ቢቆርጠው «አላልኳችሁም?» ለማለት ይበቃዋል። ነገር ግን ጉልበቱ ወደ አካባቢ ልማት ሥራው ዞረ እንጂ አልባከነም። ተመራማሪዎቹ በሞዴላቸው እንዳሰሉት፣ ፕሮግራሙ በመላ ከተማዋ ሲዳረስ የግሉ ዘርፍ ደመወዝ 18.6 በመቶ ያድጋል። ይህ የደመወዝ ጭማሪና የአካባቢው መሻሻል ሲታሰብ ለደሃው የሚገኘው ጥቅም በቀጥታ ከሚታየው ስድስት እጥፍ ይሆናል። በዝርዝሩ ውስጥ ያልገባው የቀን ሠራተኛ፣ ምናልባት ተጠቃሚዎቹን «ሥራ ፈቶች» ብሎ የሚጠራው ራሱ፣ በእነርሱ ምክንያት የተሻለ ክፍያ የሚያገኝበት ዕድል አለ ማለት ነው።

የሚነሳው ተቃውሞ

የሕዝቡን ጥርጣሬ ሁሉ ክፋት ማለት ግን ስሕተት ነው። በደቦ የሄደ በተራው ሰው ይመጣለታል፤ ለእድር የከፈለ በሐዘኑ ቀን ድንኳን ይተከልለታል። መልሶ መስጠት የማኅበራዊ ኑሯችን ዐምድ ነው፤ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሆኖ የሚቀበልን ሰው ማኅበረሰቡ ቢጠይቅ ይገባዋል። በጀቱም ውስን ነው፤ የማይገባው አንድ ቤተሰብ ሲገባ የሚገባው ሌላ ቤተሰብ ይቀራል። ቁጥጥር ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ደቦውም እድሩም የሚያዋጣው ያለውን ሰው ነው። በሬ የሌለው በጉልበቱ ደቦ ሊገባ ይችላል፤ የወር መዋጮ የሌለው ግን ከእድሩ ይወጣል፤ ከእድር የወጣ ደግሞ «ከሰው የማይገጥም» ይባላል። መልሶ መስጠትን የመምረጫ መመዘኛ ስናደርገው ድህነቱ ራሱ ያስከተለውን ጉድለት እንደ ጥፋት ቆጥረን ደሃውን ሁለት ጊዜ እንቀጣዋለን። ቁጥጥሩ መመሥረት ያለበት ሊመረመር በሚችል የችግር መጠን ላይ ነው፤ በጠባይ ላይ ሊሆን አይገባም።

ለእኛ ለተመራማሪዎች

ጉዳዩ ወደ እኛም ይመጣል። በድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችን «የጠባቂነት ስሜት» የሚለው ሐረግ ምን ማለት እንደሆነ ሳይተረጎም በመጠይቅ ውስጥ ሲገባ ይታያል። «ድጋፉ ቢቋረጥ ኑሮዎን መምራት ይችላሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ደሃ «አልችልም» ቢል እውነቱን ተናገረ እንጂ የሥነ ልቡና ጉድለት አላሳየም። መልሱን «ጠባቂነት» ብለን ስንመዘግብ የሰፈሩን ስም በሳይንስ ማኅተም እናጸድቃለን።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ማቅረብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ «ጠባቂነት» የሚለውን ቃል የሚጠቀም ጥናት ከድህነት በምን እንደሚለየው አስቀድሞ ያስረዳ። ሁለተኛ፣ የመላሾችን አመለካከት የሚለኩ ጥናቶች ከመላሾቹ ግማሹን ስለ «ሥራ አጥ»፣ ግማሹን ስለ «ሥራ ፈት» በዕጣ ለይተው ይጠይቁ፤ በሁለቱ መካከል የሚገኘው ልዩነት ቃሉ ራሱ ምን ያህል እንደሚፈርድ ያሳየናል። ሦስተኛ፣ የኮሚቴ ምርጫን የምናጠና ሰዎች የተመረጡትን ብቻ ሳይሆን በድህነት መለኪያው ብቁ ሆነው በኮሚቴው የተጣሉትን ቤተሰቦች እንፈልግ፤ የተጣሉበትንም ምክንያት እንመዝግብ። ሦስቱም በአንድ የማስተርስ ጥናት ጊዜና ወጪ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ከምረቃ በኋላ ለወራት፣ ምናልባትም ለዓመታት ሥራ ፍለጋ እንወጣለን። በዚያን ጊዜ «ሥራ አጥ» መባልን እንደ መብታችን እንቆጥረዋለን። ይህንኑ ስም ዛሬ ማለዳ በራችን ላይ መንገድ ለምትጠርገው ሴት መስጠት ልግስና አይደለም፤ መረጃው የሚደግፈው አጠራር ይህ በመሆኑ ነው።