መካኒክነትም ትምህርት ይጠይቃል

ውድ ወላጆች፣ «ልጄ ጋራዥ ስለሚገባ ፊዚክስ ምን ያደርግለታል?» የምትሉ አላችሁ። ይህ ድሮ ያስኬድ ነበር። ካርል ቤንዝ በ1886 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባስመዘገበባት ዓይነት ባለሦስት ጎማ መኪና ባለቤቱ ቤርታ በ1888 ስትጓዝ፣ የተዘጋውን የቤንዚን ቧንቧ በባርኔጣ መርፌ ከፍታ መንገዷን ቀጥላለች። ያን ጊዜ ዓይንና እጅ ይበቁ ነበር።

የዛሬው መኪና ግን በኮምፒዩተር ይታዘዛል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ አዙራለች። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም ማርሚታም የለውም፤ የባትሪው ኃይል ግን ሳያውቅ የነካውን ሰው ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ መካኒክነት የሚያስከብር ሙያ ነው፤ ነገር ግን ቮልትና አምፔርን ሳትለዩ አትግቡበት። ወላጆችም ልጆቻችሁን ለመፍቻ ብላችሁ ከደብተር አትለዩአቸው። ነገ ሁለቱም ያስፈልጓቸዋል።